ይስማው

አባታችን ስሙን "ይስማው" ሲል ሲያወጣ፣
"እግዜር ይስማው" ሊል ነው፤ ሌላ ፍቺ መጣ፦
"ሰባቴ ተጠርቶ ዞር ብሎ የማያይ
ይስማው ይባላል ወይ?"

እኔ ታላቅ እህቱ፣ አንድ መደብ ላይ አብሬው ያደግሁት፣
መስማቱን አውቃለሁ፤ መስማት ነው የበዛበት፦
የአምፖሉ ጥዝዝታ፣ የጠመኔው ፍጭት፣
ጎረቤት ክፍል ውስጥ የሚከደን ደብተር፣
ሁሉም አንድ ጊዜ፣ ሁሉም በሱ ላይ ሲሰበር።

ደጀን ነው ቤታችን፣ ከአስፋልቱ ዳር፤
ከዓባይ በረሃ ዳገቱን የሚጀምር
መኪና ሳይታይ፣ ከመጠምዘዣው ማዶ፣
"ኤፍ ኤስ አር፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሲሚንቶ ነው" ይላል መስኮት ላይ ተጥዶ።
ተሳስቶ አያውቅም። አንዴ ብቻ፣ ሲሚንቶ ያለው ማዳበሪያ ሆኖ፣
ሳምንት ቆየ አዝኖ።

ጠበል ወስደነዋል። ቡዳ ነው ተብሏል።
እናቴ ሰርግ ቤት ከቀረች ቆይቷል።
ባሕር ዳር ሐኪሙ ስሙን "ኦቲዝም" አለው፤
"ይድናል?" አለችው። "በሽታ አይደለም። አፈጣጠሩ ነው።"
ስድስት ሰዓት መንገድ ዝም ብለን መጣን።
ይስማው ድልድይ ቆጥሮ "ሰማንያ ሁለት" አለን።
ማንም አልጠየቀው። እሱ ግን ነገረን።

ሚኒ ሚዲያው ክበብ የቀልድ ምሽት አለው፤
መግቢያው አሥር ብር፣ ወንበር ከየቤት ነው።
ጽሑፉን እንድጽፍ እኔን መረጡኝ፣
"ስለ ኦቲዝም ይሁን፣ የሚያስቅ ግን ይሁን" አሉኝ።
ልምምድ ላይ ልየው ይስማውን መሰለ፣
እጁን አርገበገበ፣ "ማርሽ፣ ማርሽ" አለ።
ክበቡ በሳቅ ወደቀ።
(ለማንም አልተናገርኩም፦ የኔም ጥርስ አብሮ ሳቀ።)

ማታ ቤት ስገባ ይስማው በር ላይ ቆሟል፤
ተሳቢ እያለፈ፣ እጁ ይርገበገባል።
ደስ ብሎት ነው ለካ።
በደስታው ነው የሳቅነው።
ወረቀቱን ቀድጄ እስኪነጋ ጻፍኩ፤ ሌላ ነው አሁን የሚሳቅበት ሰው።

እናቴ "አልሄድም" አለች፣ "ልጄን ለሳቅ አላቆምም።"
"ይሄ ሌላ ሳቅ ነው" አልኳት። "ሳቅ ሳቅ ነው" አለች። አልተከራከርኩም።
ግን ቅዳሜ ማታ በርጩማዋን ይዛ መጣች፣
ይስማውን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ጆሮውን በመዳፏ ጋረደች።

ቢራራ ጋባዥ ነው፣ ልየው ደግሞ እንግዳ፣
የተባለውን ብቻ፣ ያንኑ ብቻ የሚረዳ፦

"እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሰላም ነህ? በጣም ደህና?"
"አንዴ ነገርኩህ እኮ። ጠፋብህ እንደገና?"
"በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!" "አትሙት፤ ጠግቤያለሁ።"
"አፈር ስሆን!" "ተው፣ ሰው ሁን፤ እኔ ሰው እመርጣለሁ።"
"በል መጣሁ" ብሎ ቢራራ በበሩ ሲወጣ፣
"እየሄደ እኮ ነው! ምኑ ነው የመጣ?"

አዳራሹ ፈረሰ። ርእሰ መምህር ሽባባው
ከወንበሩ ተነሣ፣ ሳቁ መቀመጥ ከለከለው።
እናቴን ሦስተኛ ረድፍ ላይ በዓይኔ ፈለግኋት፤
ሰው መሃል ስትስቅ አገኘኋት።

ከዚያ መብራት ሄደ። ማይኩ ዝም አለ ድንገት።
"ኦቲዝም ማለት..." የሚለው አራት ገጽ እጄ ላይ ቀረ፣ ሳይነበብ፣ ሳይከፈት።
ሕዝቡ ሊንጫጫ ሲል፣ ከጨለማው ውስጥ፦
"ሲኖትራክ። ባዶ ነው። ሦስተኛ ማርሽ።"

አንድም ሰው አልሳቀ።
አንድም ሰው ምንም አልሰማ። ጆሮ ሁሉ ጠበቀ።
ቆይቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ከዳገቱ አፋፍ፣
ባዶ ካሶኒ እየተንኳኳ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ፣
ከኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣
አንዴ ብቻ ጠራው፤ ሰባቴ አልጠራውም፦
"ይስማው፣ ቀጥሎስ?" አለው።

"ቆይ" አለ ይስማው፤ "ገና ዳገት ላይ ነው።"

ቆየን።