ጉልበት

ከማለዳ ያካፋል። ከዶውሩ ወንዝ ማዶ፣
የቡሽ መጋዘን በነበረ ቤት፣ ቆርቆሮው በዝገት ነዶ፣
ቫልዴማር ከበሮው ኋላ ተቀመጠ፣
የቀኝ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው ፔዳሉን ረገጠ፤
"ዛሬ ስንት ማይክ ነው?" አለኝ።
"አንድ" አልኩት። ዋሸሁ። ስድስት ነበረኝ።

ቡሽ ድምፅ ይበላል። ከጠርሙስ አፍ የተረፈውን የለበሰ ግድግዳ፣
የዋጠውን አይመልስም፣ እንደ ክፉ ሰው ዕዳ።
እዚህ ቤት ጭብጨባ ደረቅ ነው፤
የሚሞት፣ ከመዳፍ ሳይርቅ ነው።

መጀመሪያ ማይኩን ሆዱ ውስጥ ከተትኩት፣
በፊተኛው ቆዳ ቀዳዳ፣ እስከ ክርኔ ገብቼ፣ ትራስ ላይ አስተኛሁት።
"ምታ!"
ጠቅ።
"እስቲ ድገም!"
ጠቅ። ጠቅ።
የጽሕፈት መኪና እንጂ ከበሮ አይመስልም።

ወደ ኋላ ሳብኩት፣ አንድ ስንዝር፣ ደግሞ አንድ ጋት፤
ጠቅታው ለዘበ፤ መጣ ትንሽ ሆድ፣ ትንሽ ስፋት።
ከቀዳዳው ደጃፍ ሳቆመው ግን ነፋስ ገጨው፣
በየምቱ እፍ እያለ ስሱን ሽፋኑን አንገጫገጨው።

ሁለተኛውን ከውጭ አቆምኩ፣ አንድ ክንድ ርቆ፣
ብርድ ልብስ ጣልኩበት፣ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ፤
ብቻውን ሳደምጠው ወፍራም ነው፤ የውስጡም ብቻውን ስል፤
ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት፣ ድርግም! ከበሮ አልነበረም ብል ይቀል።

ሁለት እውነተኛ ምስክር፤
አንዱ "ወጣ" ሲል ሌላው "ገባ" የሚል፣
ያዩት አንድ፣ የቆሙበት ለየቅል፤
ተደምረው ዝም።
ይህን ሒሳብ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፦
እናቴም ልክ፣ አባቴም ልክ፣
እራት ላይ ግን የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ።

አንዲት ቁልፍ አለች፣ ክብ ላይ የተጋደመ ጭረት፤
ተጫንኳት። ከበሮው ተመለሰ፣ ጠፍቶ እንደ ከረመ ጎረቤት፣
በር ሳያንኳኳ ገባ። ደረቴን መታ።
ገመድ የሚጠቀልለው ልጅ፣ ቲርሱ፣ ዘለለ፤ "ይኸው! መጣ!"

እኔ ግን አልጠገብኩም።
ከበሮ በሰው እግር ሲያዩት ያምራል፤
ሲቀዱት ግን ያደናግራል።

ከተቃጠለ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ፈትቼ፣ ገመዱን ገልብጬ፣
ተናጋሪውን አድማጭ አደረግኩት፣ ከቆዳው ፊት አስቀምጬ፤
ዕድሜውን ሙሉ ሲለፈልፍ የኖረ፣
ጆሮ ሲሆን እንዲህ ጥልቅ እንደሚሰማ ማን ጠረጠረ?
ግን ቃል የለውም። የመርከብ ሆድ ብቻ፣ ከውሃ በታች የሚያጉረመርም።

መሸ። ስድስቱም ቆመዋል። ቫልዴማር በላብ ርሶ፣
"አንድ ነበር ያልሽኝ" አለ፣ ጭኑን በቡጢ እያሸ፣ ጥርሱን ነክሶ።

አንድ ጆሮዬን በጣት ደፍኜ፣ ወለሉ ላይ ተንፏቅቄ፣
በገመዶቹ መካከል ራሴን እንደ ድመት ደብቄ፣
ዞርኩት።
"ምታ።" ዞርኩ። "ምታ።"
ከፊት አይደለም። ከውስጥም አይደለም።
ከኋላ፣ ፔዳሉ አጠገብ፣ ከቀኝ እግሩ ጎን፣
እንጨቱ፣ ቆዳው፣ አየሩ የሚታረቁባት ቦታ፣
የመዳፍ ስፋት ብትሆን።

ድምፅ እንቀዳለን እንላለን፣ እንደ ውሃ፤
ውሃም ጎንበስ ላላለ አይቀዳም።
ማይኩን እዚያ ተከልኩ።

ስንሰማው ምቱ መጣ፣ ክብ፣ ሙሉ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ደረት፤
ከየምቱ በፊት ግን አንዲት ቀጭን
ቋ!
ቲርሱ ፔዳሉን ዘይት ቀባ። ቋ።
ወንበሩን ለወጠ። ቋ።
ቫልዴማር አቀረቀረ፦
"ፔዳሉ አይደለም። እኔ ነኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ላይ ቀን ቀን ሸክም፣
ማታ ማታ ይህ።
ጉልበቴ ነው። ሰርዢው።"

አልሰረዝኩም።
አምስቱን ማይኮች ነቀልኩ፤
ቲርሱ እያጉረመረመ ገመዳቸውን ጠቀለለ።
ዝናቡ አሁንም ቆርቆሮው ላይ ነው፤
እሱም ትንሽ ገብቷል፣ ከጠጋችሁ ትሰሙታላችሁ።
ማደባለቂያው ላይ፣ በነጩ ፕላስተር፣ የማይኩ ስም በሚጻፍበት፣
በእርሳስ ጻፍኩ፦
አንድ። ጉልበት።