ሦስተኛው ጥርስ

ዘሓራ ከጅዳ በጭነት የላከችው
ልብስ ማጠቢያ አርጅቶ፣ ሆዱን ዝገት በላው፤
መንዘር ጀመረ።
መጀመሪያ እንደ ጉንዳን፣ ኋላ እንደ ንብ።
ለመድነው።
«ኮንጎ ጫማ አድርገህ፣ በእንጨት ክፈተው፣
እጅህን ሳታደርቅ እንዳትነካው»
ይባል ነበር ለአዲስ ተከራይ፣
ከኪራዩ በፊት፣ ከቁልፉም በላይ።

ሐምሌ ነው። ቧንቧ ውሃን ጉም ውጦታል፤
የግቢው ሲሚንቶ እንደራሰ ውሏል።
እናቴ ውዱ አድርጋ፣
እግሯ ሳይደርቅ፣ ልብስ ልታወጣ እጇን ስትዘረጋ —
አንዴ ጮኸች።
ጀማነሽ ዘላ ቫልቮላውን ጣለች።

ይማም ከሰኞ ገበያ መጣ፣ ቴስተሩን ነክሶ፤
ስፒናውን ገልብጦ አየ፣ ወደኔ ተመልሶ
«ሦስተኛው ጥርስ የታል?» አለኝ።
እኔ ነኝ። በመጋዝ ነው የቆረጥኩት፤
ሶኬታችን ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ትርፍ መስሎኝ ጣልኩት።

«ትርፍ አይደለም» አለ፣ «የመሬት መንገድ ነው፤
ያመለጠ ኮረንቲ መንገድ ካጣ፣ መንገዱ ሰው ነው።»

መሬት ሊወስዳት ነበር፣ መሬት ነፍጌያት።

እሷ ግን መዳፏን በጨርቅ ጠቅልላ፣
ስልኩ ሲጠራ፣ «ዘሓራ ናት» ስንላት፣
«ደህና ያጥባል በሏት» አለች፣ «ሌላ እንዳትነግሯት።»