ሦስት ቀበቶ

ደብረ ብርሃን ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣
ብርዱ እንደ አበዳሪ ደጅ የሚቆምበት።
ደላላው ጌጡ ሦስት መኪና አሰልፏል፣
የአንገት ልብሱን ፈትቶ መስታወት ይወለውላል።

በብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ በሒሳብ ሹምነት
የአሥራ አራት ዓመቴ የተቋጠረበት
የቁጠባ ደብተር ደረት ኪሴ ውስጥ አለ፤
እጄ በየደቂቃው «አለህ ወይ?» እያለ።

«ይቺን እያት» አለኝ፣ ጥቁሯን እየዳሰሰ፣
«ዐይኗን! ወገቧን! ማን እንዲህ ለበሰ?
ሰርግ ብትሄድባት ሙሽራው ይረሳል፣
በጠባሴ ስታልፍ ሰው ሻዩን ያፈሳል።»
አልዋሸም። መብራቷ ኩል እንጂ መብራት አይመስልም፤
በሯ እንኳ ሲዘጋ «ጧ» አይልም፤ «እምም»።

ነጯ ሁለተኛ ናት። መካኒኩ ጋሽ ይፍሩ
ኮፈን ሥር ገባና ዘገየ ነገሩ።
ሲወጣ እጁ ጥቁር፣ ፊቱ ግን በርቷል፤
«ሁለት ሺህ ሲሲ ነው፤ እንደ ሕፃን ይተኛል!
ከሸዋ ሮቢት ሙቀት እስከዚህ ውርጭ ድረስ
አንዴ ሳያነጥስ፣ አንዴም ሳያለቅስ።»

ሦስተኛዋን ግን ማንም አልጠራትም።
የአህያ ቀለም ናት፤ ቅርጿም አያስቆምም፤
አፍንጫዋ ድፍን፣ ኋላዋ ሰፋ ያለ።
«እሷማ ያው…» ብሎ ጌጡ ዝም አለ።

ትርንጎ ከሌሊት ተራዋ ወጥታ መጣች፤
ነጭ ጋወኗን አጥፋ በክንዷ ይዛለች።
የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት ባለቤቴ፤
ከጣርማበር ጉም ውስጥ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁለት
ሌሊት የሚመጣው ሁሉ
በእሷ በር ነው የሚገባ።
የመኪና ስም አታውቅም፤ የምታውቀው አመሉን ነው፦
የቱ ሰውን እንደሚሰብር፣ የቱ እንደሚያቅፈው።

ኮፈን አላስከፈተች፣ ጎማም አልረገጠች፤
ከኋላ ወንበር መሐል ሄዳ ተቀመጠች፣
ከማስተዋል ቦታ፣ ከትንሿ ልጃችን።

የጥቁሯን ቀበቶ ሳበች፤ እጇ ላይ ቀረ።
ስፌቱ ትናንትና የተሰፋ ነበረ።
ምንጣፉን ገለጠች፤ አጎንብሳ አየች፤
መዳፏን ዘርግታ ወደ እኔ አመጣች፦
የመስታወት ፍርፋሪ፤ እንደ ሩዝ፣ እንደ ጨው።
«ይሄን» አለች፣ «ከሰው ፀጉር ነው የምለቅመው።»

ጌጡ ጉሮሮውን ጠረገና ሰማዩን አየ።

ነጯም ሞተሯ ወርቅ፤ ቁልፉ ሲዞርባት ግን
የኤርባጓ መብራት በርቶ ቀረባት።
«ሽቦ ናት!» አለ ጋሽ ይፍሩ፤ «ትንሽ ናት፤ ይነቀላል።»
«ችግሩ ወይስ መብራቱ?» ስትለው ጢሙን ያካል።

ወደ አህያዪቱ። ሦስቱንም ቀበቶ
ሳበች በድንገት፤ ያዘ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ቁልቁል ሞከርናት፣ ዋሻው ድረስ ወርደን፣
ጉሙ እንደ ፋብሪካችን ብርድ ልብስ ሸፍኖን፤
ፍሬን ሲያዝ አልዋለለችም፣ አልተንሸራተተች፤
ደግሞም አላማረችም። ቀጥ ብላ ቆመች።

ገዛናት። ጎረቤት «በሬ ሸጦ አህያ» አለኝ፤
እሷም በየጠዋቱ እያሳለች አስጠበቀችኝ።
ቤንዚን ትወዳለች፤ ዳገት ታማርራለች፤
ሲኖትራክ እንኳ ሲመጣ መንገድ ትለቃለች።

እውነቱን ልናገር? ያቺ ጥቁር መኪና
ሌላ ሰው ገዝቷት ነው፤ ስትመጣ እንደገና
ዐይኔ ይከተላታል እስክትታጠፍ ድረስ።
መቼም ታምራለች።
ከዚያ ያ መዳፍ ትዝ ይለኛል፤
ከኋላ፣ መሐል ላይ፣ ማን ይሆን የሚቀመጥ?

እሑድ ነው። ወደ ሰላ ድንጋይ፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው።
ሞተሩ ሞቋል። እጄ ማርሽ ላይ ነው።
ትርንጎ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ
በጆሮዋ ብቻ ትቆጥራለች፦
ቀጭ።
ቀጭ።
ማስተዋል ሁልጊዜ ትዘገያለች፤
አሻንጉሊቷንም አብራ ልታስር።
እንጠብቃለን። መስታወቱ ጭጋግ ያዘ።
ቀጭ።
«በል ንዳ» ትላለች።