ሁለት ሚስማር

ከአልጋችን በላይ ሁለት ሚስማር አለ፤
ኮትም አልሰቀልኩበት፣ ዣንጥላም አልዋለ።
እልፍነሽ አንድ ቀን ካላንደር ብትሰቅል
አወረድኩት ዝም ብዬ፣ ሳልናገር ቃል።
እሷም አልጠየቀች። ታውቃለች መሰለኝ፤
ሠላሳ ዓመት ላወቀችኝ ሴት ምን መደበቂያ አለኝ።

አንደኛው ዲሞትፈር፣ ያባቴ የሰንበቶ፣
ሰደፉ በእጅ ላብ፣ በሞራ ተቀብቶ፣
ጉንጭ በሚያርፍበት "ሰ" የምትል ፊደል
በቢላ ጫፍ የጻፋት፣
ሁለት እግሯን ከፍታ ልትሄድ እንደምትል።

ሁለተኛው ጓንዴ፣ በደሞዜ የገዛሁት፣
ወንጂ ሸንኮራ መሀል ሌሊት የታቀፍኩት።
ጉማሬ ከአዋሽ ወጥቶ አገዳ ሲከረክም
ወደ ላይ ነው የምተኩሰው፤ ገድዬ አላውቅም።
ከርከሮ፣ አንድ ጊዜ። እሱንም አልነካሁ፤
ለጅብ ትቼው አደርኩ፣ ጠዋት ጥርሱን አየሁ።

እሁድ እሁድ ጓሮ ጆንያ አነጥፌ፣
ሁለቱን ወልውዬ፣ ጭኔ ላይ አሳርፌ፣
ጥይት እቆጥራለሁ፦ ሠላሳ ሰባት።
በሳምንቱም ሠላሳ ሰባት።
በዓመቱም ሠላሳ ሰባት።
እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሰጠው እንቅልፍ፣ አቤት!

የሸጥኩ ዕለት ነፋስ ነበር፤ ያው የአዳማ ነፋስ፣
አቧራውን ይዞ፣ እንደ አበዳሪ ደጅ የሚመላለስ።
ደላላው ሽኩር መጣ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
በአፈሙዙ ውስጥ አየኝ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆሞ።
"ዕድሜ አለው" አለኝ። "ሰውም አለው" አልኩት።
ሳቀ። ብሩን ቆጠረ። ሁለቴ አስቆጠርኩት።
በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ እንደ ሸንኮራ እስር፣
ጭኖት ሄደ።
እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ እፍኝ ሙሉ ብር።

በአንዱ ስፌት መኪና፣ በአንዱ ቆርቆሮ፤
ጎረቤት መረቀን፦ "አሁን ነው ኑሮ!"
ሐሰት አይደለም፤ ክረምት አያፈስም ጣራው፣
ዩኒፎርም ትሰፋለች እልፍነሽ፤ ሰመረ ሥራው።
ብቻ ማታ ማታ
መኪናው ታታታ ሲል፣ በፔዳል ሲመታ፣
ጣቴ ይታጠፋል፣ ብቻውን፣ ያለ ቃታ።

አባቴ ሊሞት ሲል "አትሽጠው" አላለኝም፤
"ደረቅ ቦታ አኑረው" አለ እንጂ፣ ሌላ አልጨመረም።
ደረቅ ቦታ!
አሁን በማን ዝናብ፣ በማን ጠል ይሆን፣ በማን ትከሻ፣ ማታ?

"ወንድነቱ ናፍቆት ነው" ይላሉ። ተሳስተዋል።
ፉከራ አልወድም፤ ጆሮዬን ያመኛል።
የናፈቀኝ ሌላ ነው፦
እኔ ጋ ሳለ፣ ዝም ማለቱን ማወቄ፣
ቀኑን አለመተኮሱን፣ ማታ በመዳፌ ጠይቄ።

አሁን ግን ከነፋስ ወፍጮዎቹ ማዶ
አንድ ተኩስ ሲሰማ ሌሊቱን ቀዶ
ተነሥቼ እቀመጣለሁ።
የኔ ነው? የኔ አይደለም?
ድምፁን በምን ልለይ? የአባቴን ጠመንጃ
አንዴም ተኩሼው አላውቅም።

ሽኩርን ጠየቅኩት፣ ፍራንኮ አግኝቼው።
"ለማን ሸጥከው?"
"ለአንድ ባለከብት።"
"ስሙስ?"
"አልጠየቅኩም። ብር ስም አለው?"

መስከረም ላይ፣ ከሆስፒታሉ በር፣
የተመታ ልጅ አመጡ ከገጠር።
አላውቀውም። ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር ቆምኩ።
"በምን ተመታ?" ልል አፌን ከፈትኩ፣ ዝም አልኩ።
እናቱ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ነጠላዋን ነክሳ።
ውሃ ገዛሁላት።
"ዘመዱ ነህ?" አለችኝ፣ ፊቷን ወደኔ መልሳ።
እንዴት ብዬ ልንገራት
ዝምድናችን አንዲት ፊደል መሆኗን፣
ወይ መሆኗን፣ ወይ አለመሆኗን?

ትላንት በጉጠት አንዱን ሚስማር ነቀልኩ፤
ግድግዳው አብሮ መጣ፣ ጭቃና ጭድ። አየሁና ተውኩ።
ሌላው እንዳለ ነው።
መኪናው ታታታ ይላል።
ውጭ ነፋስ አለ፤
በማላውቀው መንገድ፣ በዚህ ሌሊት፣
አንዲት "ሰ" በሁለት እግሯ ትሄዳለች።