ከመሸጥህ በፊት

ሄፈርናን፣ ጠየቅኸኝ፤ «ልሽጥ ወይስ ልያዝ?
ገዢው ከሩቅ መጥቷል፣ ገንዘብ ይዟል በጓዝ።»
እኔ ምክር አልሸጥም፤ ሰዓት ነው የማውቀው፣
ጎሕ ሲቀድ ውርጭ ላይ ቆሜ የምጠብቀው።
ኩራ የሚባል ሜዳ ማንንም አያኮራ፤
ስንቱን ዐየሁ መሰለህ፣ በዚያች የጠዋት ጮራ
ነፋስ የቀደመ፣
ከሰዓት ሰው ሲያየው እንደ በቅሎ የቆመ።

እንግዲህ እንቁጠር። ሦስት ጊዜ ሮጧል።
መጀመሪያ ኔይስ ላይ ሰባተኛ ወጥቷል።
ጋዜጣው ጻፈበት፦ «ምንም አላሳየ።»
ጋዜጣ ምን ያውቃል፤ የኔ ዓይን ግን ዐየ፤
በሩ ሲበረገድ፣ ሌሎቹ ሲፈተለኩ፣
እሱ ቁራ ያያል፣ ጆሮዎቹ ቆመው ሰማዩን ሲለኩ።
የሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ!
ቁራን በዚህ ዕድሜው ካላየ፣ መቼ ሊያይ ነው ብለህ?

ሁለተኛው ጋውራን። በአፍንጫ ተቀደመ፤
ፊያክራ አለንጋውን አንዴ እንኳ ሳያነሣ ፈጸመ።
«ልጁ አስቀድሞ ይወቀው» አለኝ፣ «መሮጥ እንደሚጥም»፤
የተናደድከው አንተ ነህ፤ እኔ አልተናደድኩም።
የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር በላት፣ በዐሥራ አንድ ሰከንድ፤
ሰዓቴ ተሳስታ ይሆን ብዬ ነቀነቅኋት እንደ ጉድ።

ሦስተኛው፣ ያሸነፈው፣ ኪልዴርን ያሰከረው፣
ለኔ ግን ያ ድል ነው ልቤን የቆረቆረው።
ሜዳው ጭቃ ነበር፣ ተፎካካሪው ደካማ፤
በዕውር አገር አንድ ዓይና፣ ያው ገነነ በከተማ።
ልብ አላልክም እንጂ፣ ከፊት ብቻውን ሲቀር
ኮቴው ቀዘቀዘ፤ ዞር አለ፣ ባልንጀራ ሊቈጥር።
ብቻውን መሆን ይፈራል የሐሙስ ዕዳ፣ ይኸው ነው ምስጢሩ፤
ፍጥነት አይደለም የጎደለው፣
ቀዳሚነት ነው ችግሩ።

ደግሞ ብሮናን ጠይቃት፣ ጋጣውን የምትጠርገውን፤
ሰዓት የሌላት ልጅ ናት፤ ታውቃለች ግን ትንፋሹን።
ግራ ጉልበቱን ማታ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባለች፤
«አጥንቱ ገና ለጋ ነው፣ አታስቸኩሉት» ትላለች።
እስከ ሚያዝያ ካረፈ ሌላ ፈረስ ይወጣዋል፤
ላይወጣውም ይችላል። ሥጋ ሻጭ ነህ፣ ሚዛን ማን ያስተምርሃል?

ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ በሐሙስ ቀን ተበድረህ፣
ዕዳህን በአራት እግሩ እንዲከፍልልህ ተመኝተህ።
ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ጦርነቱ ያንተ ነው ሄፈርናን፤
ብትሸጠው አልፈርድብህም፤ ብርዱ እየመጣ ነው፣ ያውቃል ሁላችንን።

እኔ ግን ዛሬ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገለጥ ዐየሁት፤
ከአሮጊቷ ባዝራ ጎን በሶምሶማ አስኬዱት።
ድንገት ጥሏት ወጣ።
ብቻውን።
ጆሮው ወደ ኋላ አላለም።
ስንት ሰከንድ ፈጀ አትበለኝ፤
አውራ ጣቴ ሰዓቷን መጫን ረሳ፤
በሠላሳ ዓመት ውስጥ ረስቶ አያውቅም።