ከበሩ ወዲህ

ከደሴ ያመጣን ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር አራገፈን፣
እኔን፣ አባቴን፣ ከዘራውን፣ ሙዝ የያዘ ፌስታላችንን።
«ሐይቅ ወራጅ!» አለ ረዳቱ፣ መልሱን አጉድሎ ሰጥቶ፤
አባቴ ቀና አለና «ውሃው ቀርቧል» አለኝ አሽትቶ።

ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ክረምት አለፈ፤
የሐኪሙን ቀጠሮ ስንት ጊዜ አሳለፈ፤
«መጀመሪያ እስጢፋኖስን፣ መቀሱ ከዚያ ይምጣ» አለ፣
ይኸው፣ ትከሻዬን ይዞ ኮረኮንቹን ተከተለ።

«አብሽሩ» አለን ሙሄ፣ «ታንኳዋ እንኳ አሮጊት ናት፤
ስንት መነኩሴ አመላልሳ መስጠምን ማን አስተምሯት!»
ዙሁር ሳይደርስበት ሊመለስ ቀዘፋውን እያቻኮለ
አስር ብር ቀነሰልን፣ «ለኔም አንድ ጸሎት» እያለ።

በሩ ላይ ተጽፏል፤ ሴት ከዚህ ወዲያ አታልፍም።
አውቄ ነው የመጣሁት፤ ቢሆንም እግር አያውቅም፣
አንዲት ስንዝር ሳይቃጣ፣ ሳያፍር አይመለስም።

አባ ወልደ ሰንበት መጡ፤ የአባቴን እጅ አነሡ፣
ከኔ ትከሻ ወደ ትከሻቸው አሻግረው ገሠገሡ።
እንደ ንብረት ርክክብ፤
ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።

ቀረሁ፣ ከዛፎቹ ጋር።
ጽዱም ወይራውም ወርካውም፣ አንዱም ወንድ ነኝ አላለኝ።
ጦጣዋ ልጇን አዝላ አጥሩን ዘልላ ገባች፤
«ሴት ናት!» ብዬ ልከሳት ስል፣ ዞር ብላ ሙዝ ለመነች።

ሰጠኋት። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።
ሲወጣ እነግረዋለሁ ብዬ ዓይኔ የያዘውን ቋጠርኩ፤
ይብራው ደረቱን ሲያጥብ፣ ደንገሉ ሲያጎነብስ፣
ከማዶ አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ቀይ ነጠላ ጫማዋን ስታደርቅ፣
እንደ አሮጌ ጉልበት ያበጠውን የወይራ ቋጠሮ፣
(ለጦጣዋ ሁለተኛ ሙዝ፤ ሦስተኛም)
ብርሃኑን ግን የምቋጥርበት አጣሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ወጣ፣ ጫማውን ግራ ቀኝ አዛውሮ።
«ምን አየህ?» አልኩት።
አመለጠኝ።
ሳቀ። «ዓምዱ ቀዝቃዛ ነው፣
እንደ እናትሽ ግንባር፣ የዚያን ለታ።
የከበሮው ጠፍር ላልቷል። ጥግ ላይ አንዱ ያንኮራፋል፣ ጻድቅ ሳይሆን አይቀርም።
ምንጣፉ ሥር ደግሞ አንድ ድንጋይ ይነቃነቃል፤
ሁለቴ ረገጥኩት።
አንዱ ያንቺ ነው።»

ሙሄ ሰግዶ ደርሷል። «ጸለያችሁልኝ?» አለ፣ ገና ሳንቀመጥ።
ተያየን ልል ነበር፤
ዝም አልን።
«ረስቼሃለሁ» አለ አባቴ፣ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ።
«አብሽሩ፣ እኔ አልረሳሁዎ» አለ ሙሄ፣ መቅዘፊያውን አንሥቶ።

መሐል ላይ አሮጊቷ ውሃ ማስገባት ጀመረች፤
ፌስታሉ ባዶ ነው፣ ሙዙን ጦጣዋ ጨርሳለች፤
በሱ እየጨለፍን ሄድን።
አባቴ እጁን ወደ ውጭ ሰደደና፣
«ምን ይመስላል?» አለኝ፣ «ውሃው።»

ከጧት ጀምሮ የቋጠርኩት፣ ያኔ፣ አንዱም አልመጣልኝም።
«ቀዝቃዛ» አልኩት።
«እሱንማ» አለ፣
«እኔም አየሁ።»