ጠመኔ

ጥቁር ጨርቅ አልነካም፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
«ዓይኔ አይችልም» ስላቸው እሺ ብለው ይሄዳሉ፤
አራዳ ልብስ ሰፊ አይጠፋም፣ ከጎኔ ያሰፋሉ።

እውነቱ ሌላ ነው፤
ከክርኔ፣ ከጸጉሬ ሥር፣ ከአንገቴ እየረገፈ
ነጭ ቅርፊት ይወርዳል፤
ጥቁር ላይ ያረፈ
ይመሰክርብኛል።

ግራጫው ኮት ላይ እንኳ፣ ሰው ልብሱን ሲለካ፣
«ይሄ ነጭ ምንድነው?» ብሎ በጣቱ ሲነካ፣
«ጠመኔ ነው» እላለሁ።
ማን ይጠረጥራል? ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራዬ ጠመኔ፤
ስንት ቀን አወጣኝ ያ ቁራሽ ወገኔ!

ያልሞከርኩት የለም።
ጠበል ተነከርኩ በብርድ፣
ሬት ተለቀለቅሁ፣ ሌሊት ሌሊት እንዳልነድ።
አንዱ «ለምጽ ነው» አለ፤ ሌላው «የሰው እጅ ነው»።
የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ብርጭቆዬን ለዩዋት፤
ጠጥቼ ጨረስኩና ኪሴ ከትቼ ወሰድኳት።

ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣
ሁላችን እጅጌ ስንጎትት፣ ሁላችን ስንደበቅ፣
ከጭልጋ የመጡት እማማ አትጠገብ ብቻ
ክንዳቸውን ገልጠው፣ ደገፍ ብለው ስልቻ፦
«ተከራይ ነው ልጄ» አሉኝ፣ «የማይከፍል ኪራይ፤
ሐኪምም ቄስም አላስወጣልኝ፤
እኔ ልውጣለት ወይ?»

«አይድንም» አለች ሲስተሯ፣ «አይጋባም፣ አይገልም»።
ፒያሳ እስክደርስ ግን፣ ከሦስቱ ቃል
የመጀመሪያው ብቻ ነው በጆሮዬ የሚያቃጭል።

ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው። አንጓች መጣች ሲመሽ፣
ወንድሟ ሞቶባት።
«ጥቁር ቀሚስ፣ ለነገ።» ሌላው ሱቅ ተዘግቷል።
እንዴት እላታለሁ ዓይኔ ደክሞኛል?

ሌሊቱን ሰፋሁት፣
መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ሲመጣ በመብራት፤
ጥቁሩ ላይ ነጬ ሲወርድ፣ አየሁት፤ ዝም አልኩት።
የስንቱን ትከሻ፣ የስንቱን ወገብ ስለካ
የራሴን ገላ ነው ያልለካሁት ለካ።

ጠዋት ለብሳ ቆመች። ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ
«ጠመኔ ነው?» አለች።
ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ የለመደው፣ ዝግጁ።
«አይዶለም» አልኳት፣ «ገላዬ ነው። እንዲህ ይረግፋል። አይጋባም።»
ዝም ብላ ቆየች፤ ዓይኗ አልሸሸም ከእጄ።
በነጠላዋ ጫፍ አራገፈችውና
«ሁላችን ረጋፊ» አለች፣ «ስንት ነው ሒሳቡ?»
ቆጥሬ ተቀበልኩ፤ እርጥብ ነበር ገንዘቡ።

ዳንኩ አልልም። ደረቁ ብርድ ሲገባ ይሰነጠቃል፣ ይደማል፤
አንዳንድ ቀን እጅጌዬ ሳላዘው ይወርዳል።
ግን ጥቁር ጣቃ አለኝ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከፊት፤
ከመኪናዬም አጠገብ፣ ከፒያሳ የገዛኋት
አንዲት የልብስ ብሩሽ፣ ክር የተንጠለጠለባት።

ጠመኔውም አለ።
ለመስመር።